የእርሳስ ፊደል ከመግዛትዎ በፊት ቁመቱን ይለኩ

የሠርግ መጥሪያና የክርስትና ካርድ በድሮው የእርሳስ ማተሚያ አትሞ መሸጥ ጥሩ የእጅ ሙያ ነው። በቢልመርም ሆነ በሮተርዳም ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ወገኖች ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ነገር ስላለ በዛሬው ዓምዳችን እናብራራለን።

በመጀመሪያ ፊደሉ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ቀራጩ ፊደሉን በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ገልብጦ ይቀርጻል። ዘንጉን መዳብ ላይ በመዶሻ ሲመታው የፊደሉ ቅርጽ ጎድጉዶ ይቀራል። መዳቡ ከማፍሰሻው ቅርጽ ሥር ይገባና የቀለጠው ማዕድን ይፈስበታል። ይህም እርሳስ ብቻ ሳይሆን አንቲሞኒና ቲን የተቀላቀለበት ነው። አንቲሞኒው ፊደሉን ያጠነክረዋል፤ ሲቀዘቅዝም ብዙ እንዳይኮማተር ይረዳል።

በቃላትና በመስመሮች መካከል የሚታየው ባዶ ቦታም እንዲሁ ከእርሳስ የተሠራ ነው። ከፊደሉ ስለሚያጥር ቀለም አይነካውም። የሆላንድ አታሚዎች ቀጭኑን ስፓሲ፣ አራት ማዕዘኑን ፊርካንት፣ በመስመሮች መካከል የሚገባውን ደግሞ ኢንተርሊኒ ይሉታል። እነዚህ ከጎደሉ መስመሩ ጠብቆ አይያዝም፤ ገጹ ሲነሣም ፊደሉ ይረግፋል። ስለዚህ ሻጩን ስለ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ባዶውም ይጠይቁት።

ዋናው ጉዳይ ልኩ ነው። የሆላንድ ፊደል የተለመደ ቁመቱ 24.85 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእንግሊዝና የአሜሪካው ወደ 23.32 ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሰደሩ አጭሩ ቀለም ሳይነካው ይቀራል። የጎን ልኩም ይለያል፤ 12 ነጥብ የሚባለው እዚህ 4.51፣ በእንግሊዝ ደግሞ 4.22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከለንደን በርካሽ የመጣ ሣጥን ለሆላንዱ ማሽን ላይሆን ይችላል።

አማርኛውስ? ግዕዝ በእርሳስ ፊደል በሮም በ1513 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እዚሁ ሆላንድ ውስጥም ኒሰልና ፔትሬዩስ የተባሉ ምሁራን በ1654 በላይደን ከተማ የሐዋርያትን መልእክታት በግዕዝና በዓረብኛ አሳትመዋል። ሆኖም 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። ላቲኑ ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ነው። በገበያ የሚያገኙት ሣጥን ላቲን ስለሚሆን ለአማርኛው ሌላ መንገድ አለ፤ ጽሑፉን በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ ፖሊመር ከሚባል ፕላስቲክ የማተሚያ ሰሌዳ ማሠራት ነው። ሰሌዳውና መደገፊያው ተደምረው ግን የማሽንዎን ቁመት መሙላት አለባቸው። ልኩን ሳያውቁ ካዘዙ ገንዘብዎ ባከነ ማለት ነው።

እርሳስ መርዝ ነው። በቤት ማድ ቤት ፈጽሞ አያቅልጡት፤ ሠርተው ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ፤ ሕፃናትንም አያስጠጉ። ክብደቱም ቀላል ስላልሆነ በፎቅ ቤትም ሆነ በምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ከማከማቸትዎ በፊት አከራይዎን ያስፈቅዱ።

ስለ ፈቃዱ፦ በመኖሪያ ካርድዎ ላይ ሥራ ያለ ገደብ እንደተፈቀደ ከተጻፈ በግልዎ መሥራት ይችላሉ። ገደብ ካለበት አስቀድመው የኢሚግሬሽኑን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ከዚያ በንግድ ምዝገባው መሥሪያ ቤት፣ በካመር ፋን ኮፕሀንደል ይመዘገባሉ። ዓመታዊ ሽያጭዎ ከ20,000 ዩሮ የማይበልጥ ከሆነ ከሽያጭ ታክስ ነፃ መሆንን ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ለማሽኑ የከፈሉት ታክስ አይመለስልዎትም። ስለዚህ ውድ ማሽን ለመግዛት ካሰቡ አስቀድመው ያስሉት።

በ1975 የተቋቋመው ድሩክወርክ ኢን ደ ማርጀ የተባለው ማኅበር የእጅ አታሚዎችን የሚያሰባስብ ስለሆነ ምክር ለመጠየቅ መልካም ቦታ ነው። ዕቃውን ለማየት ሲሄዱ ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ፊደል አንሥተው ቁመቱን ይለኩ፤ ሻጩም አንድ ገጽ አትሞ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ቀብድ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።