ስለ ፊት ብጉርና በቤት ውስጥ ስለሚደረግለት ጥንቃቄ

ብጉር በአብዛኛው ልጆች ለአካለ መጠን መድረስ ሲጀምሩ ፊት ላይ፣ አንዳንዴም ደረትና ጀርባ ላይ የሚወጣ የቆዳ ሕመም ነው። ወንዱንም ሴቱንም ይይዛል። እናቶች ስለዚህ ነገር ሲጠይቁን ብዙውን ጊዜ የሚሉን «ልጄ ፊቷን ታጥባ አትጠግብም፤ ታዲያ ይኼ ነገር ከየት መጣባት?» ነው።

ብጉር ከእድፍ አይመጣም። ደም ስለ ተበላሸም አይደለም። በቆዳችን ላይ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ከሥራቸውም ወዝ የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች። ልጅ 12 ወይም 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይህች ዕጢ ከወትሮው የበለጠ ወዝ ታወጣለች። ወዙ ከረገፈ የቆዳ ቅርፊት ጋር ተደባልቆ ቀዳዳውን ይወትፋል። በቆዳ ላይ የሚኖሩ ጀርሞች በተወተፈው ቀዳዳ ውስጥ ሲበዙ ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ መግልም ይቋጥራል። በአንዳንዱ ብጉር ጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገርም ቆሻሻ ሳይሆን አየር ያገኘው ወዝ ነው፤ ቢፈትጉት አይለቅም።

«ብጉር ካወጣችማ ለባል ደርሳለች» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ብጉር ብታወጣ ሰውነቷ ማደግ ጀመረ እንጂ አልጨረሰም፤ ሕጉም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል።

ፊትን በቀን 2 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃና በለስላሳ የገላ ሳሙና፣ በእጅ ቀስ አድርጎ መታጠብ ይበቃል። በልብስ ሳሙና ወይም በእንዶድ መታጠብ፣ በሻካራ ጨርቅም መፈተግ ቆዳውን ይልጠዋል። ያበጠውንና የሚያመውን ብጉር ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ 10 ደቂቃ ያህል መያዝ፣ ይህንም በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መደጋገም ሕመሙን ያስታግሣል። እሬት የምትቀቡም ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወርደውን ቢጫ መራራ ፈሳሽ አፍስሳችሁ፣ ውስጡን ጥርት ያለውን ዝልግልግ ብቻ ውሰዱ። አስቀድማችሁ ክንድ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ካቃጠለ ወይም ካሳከከ ይቅር። ቆዳን ያለዝባል እንጂ ብጉርን ያድናል አንልም።

ስለ ቅቤ ጥቂት እንናገር። ቅቤ ለጠጉር መልካም ነው፤ ይቅር የምንል አይደለንም። ነገር ግን ፀሐይ ሲመታው ቀልጦ በግንባርና በጆሮ ግንድ ይወርድና ቀዳዳዎቹን ይወትፋል። ብጉር ግንባሯ ላይ ብቻ የሞላባትን ልጅ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቃት ጠጉሯን ምን እንደምትቀባ ነው። ከግንባር ራቅ አድርጎ መሐል አናትን መቀባት፣ ሻሹን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ ማታም ግንባርን ታጥቦ መተኛት ያስፈልጋል። በአራስ ሕፃን ፊት ላይ የሚወጡት ጥቃቅን ብጉሮችም ቅቤ አይፈልጉም፤ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይጠፋሉ።

ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ጠባሳም ያስቀራል። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር አካባቢ ያሉት ደም ሥሮች ከራስ ውስጥ ደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ፣ እዚያ የተመረዘ ብጉር አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚደርስ አደጋ ያመጣል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ፊት ያቃጥላሉ፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋልማ የባሰ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን በገበያ «ፊት ያጠራል» እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ነው። በአንዳንዱ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት፣ በአንዳንዱም ሜርኩሪ የሚባል መርዝ አለበት። ስቴሮይዱ በመጀመሪያው ሳምንት ፊትን አሳምሮ ያታልላል፤ ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉሩም ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በማሕፀን ላለ ፅንስም አደገኛ ነው።

ብጉሩ ጠልቆ ከቋጠረ፣ ጠባሳ ከጀመረ ወይም ልጅቱ አፍራ ከትምህርት ቤት መቅረት ካመጣች ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እዚያ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት ሊታዘዝላት ይችላል። ጥቂት ያደርቃል፤ የጨርቅ ቀለምም ስለሚያነጣ የነጠላዋን ጥለት እንዳይነካ ትጠንቀቅ። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነውና በሳምንቱ «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት። ነፍሰ ጡር ሴት ግን መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት ማርገዟን ትናገር፤ ፅንስን የሚጎዱ የብጉር መድኃኒቶች አሉ።

በአፍንጫ ወይም በጉንጭ ላይ የወጣ ነገር ብዙም ሳያም ቀስ በቀስ እየሰፋ፣ ቅርፊት እየያዘ ወር ካለፈው፣ ብጉር ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በደጋው አገራችን ቁንጭር የሚባለው በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ቁንጭር ሲቆይ ፊትን ያበላሻልና፣ በእሳት ሳይተኮስና ቅጠል ሳይደረግበት ቶሎ ለጤና ሠራተኛ ይታይ።