እናታችሁ መርሳት ጀመረች ማለት መወሰን አትችልም ማለት ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም። ቤተሰቦች በተደጋጋሚ እንድጽፍላቸው ስለሚጠይቁኝ አንድ ወረቀት ነው። (የባለታሪኮቹ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።)

በቅርቡ አንድ ወጣት የ74 ዓመት እናቱን ይዞ መጣ። ገና ሳይቀመጡ ጠጋ ብሎ፣ «ዶክተር፣ እማዬ እየረሳች ነው። በራሷ መወሰን አትችልም የሚል ወረቀት እንዲጽፉልን ነበር። የቤቱን ጉዳይ ለመጨረስ ፈልገን ነው» አለኝ።

እናትየው አጠገቡ ቆመዋል፤ ሁሉንም ይሰማሉ። የሚወራው ስለ እሳቸው ነው፣ ግን እሳቸውን ያናገረ ሰው የለም።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱ ሁለት ጊዜ ጋዝ ሳያጠፉ ወጥተዋል። አንድ አጭበርባሪ ደግሞ «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ተቀብሎ ብራቸውን ወስዶባቸዋል። አሜሪካ ያለችው እህቱ በየቀኑ እየደወለች «አንድ ነገር አድርግ እንጂ!» ትለዋለች። የእነሱ ሐሳብ ቤቱ ተሸጦ እናታቸው ልጁ ጋ ኮንዶሚኒየም እንዲገቡ ነው።

ልጁን ውጪ እንዲጠብቀኝ ጠየቅኩትና እማማን አስቀመጥኳቸው።

«እማማ፣ ዛሬ ለምን እንደመጡ ያውቃሉ?»

«ትረሻለሽ ብለው ነዋ ልጄ። እረሳለሁ ደግሞ። ቁልፍ እረሳለሁ፣ የሰው ስም እረሳለሁ።»

ቀኑን ጠየቅኳቸው፤ አላወቁትም። ዓመተ ምሕረቱንም ተሳሳቱ። ቀጥዬ ስለ ቤቱ አነሳሁባቸው።

«ልጆቹ ሊሸጡት ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። «ቢሸጥ ገንዘብ ይገኛል፣ እኔም ብቻዬን አልሆንም። ግን የልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ አንዴ ከወጣሁ በዚህ ጉልበቴ መች እወርዳለሁ? እዚህ ዕድሬ አለ፣ ጎረቤቴ አለ። ሰርቪሷን አከራይቼ የሰው እጅ ሳላይ እኖራለሁ። ጋዙን ግን ይውሰዱት፤ እሱ እኔንም አስፈርቶኛል።»

ሌላ ሌላ ነገር ስናወራ ቆይተን ድጋሚ ጠየቅኳቸው። ያው መልስ፣ ያው ምክንያት።

እንግዲህ እኚህ እናት ቀኑን አያውቁም። ስለ ቤታቸው ግን ጥቅሙንም ጉዳቱንም አመዛዝነው ነገሩኝ። የተጠየቅኩትን ወረቀት አልጻፍኩም።

ለምን አልጻፍኩም?

የመወሰን ችሎታ እንደ መብራት ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል የሚባል ነገር አይደለም። የሚለካው በእያንዳንዱ ውሳኔ ነው። የባንክ ብድር ውል መረዳት ያቃተው ሰው የት መኖር እንደሚፈልግና ማን እንዲያጥበው እንደሚፈልግ በደንብ ሊያውቅ ይችላል። እኛ ሐኪሞች የምናየው አራት ነገር ነው፦

✔️ የተነገረውን ጉዳይ ይረዳል ወይ?
✔️ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ ያህል በአእምሮው ይይዘዋል ወይ?
✔️ ጥቅምና ጉዳቱን ያመዛዝናል ወይ?
✔️ ውሳኔውን በንግግር፣ በምልክት ወይም በጽሑፍ ይገልጻል ወይ?

«ውሳኔው እኛን ደስ ይለናል ወይ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ። የማንስማማበት ውሳኔ ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ይህን የተማርኩት በስህተት ነው

ከዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሐኪም እያለሁ፣ በስትሮክ የተመቱ አንድ ልብስ ሰፊ አባት አመጡልኝ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ንግግራቸው ጠፍቷል። ጥያቄ ስጠይቃቸው «እ... እ...» ከማለት አያልፉም። ቤተሰቡ ወረቀት ጠየቀኝ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ «መወሰን አይችሉም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ለክትትል መጡ። ንግግራቸው ገና ነው፤ የምላቸውን ሁሉ ግን ይረዳሉ። ለካስ የጎዳው የመናገሪያውን ክፍል እንጂ ማሰቢያቸውን አልነበረም። ቤተሰቡ በእኔ ወረቀት ተማምኖ ሱቃቸውን ዘግቶ ሁለቱን የስፌት መኪናዎች ሸጧል። አባትየው በደህናው እጃቸው ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቅ እንደሚገፋ ሰው አድርገው አሳዩኝና ዝም ብለው አዩኝ። ያን ዕለት ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ መኪናዎቹ ግን አልተመለሱም።

በሕግ ፊት የእኔ ወረቀት ያን ሁሉ ሥልጣን አይሰጥም ነበር። ቤት ውስጥ ግን ልክ እንደ ፍርድ ሆኖ ሠራ።

መጀመሪያ ይመርመሩ

ወደ ሕጉ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የረሳ ሁሉ የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) አለበት ማለት አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች የአረጋዊን አእምሮ ሊያደበዝዙ ይችላሉ። እነዚህ ይታከማሉ። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሰውም «ግራ የተጋባ» ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ስለ ትልቅ ጉዳይ ስታወሩ መነጽሩንና የጆሮ ማዳመጫውን አድርጉለት፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ንቁ የሚሆንበትን ሰዓት ምረጡ።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ሰነድ ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ግን ማንኛውም ቤተሰብ ማወቅ ያለበትን፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ልንገራችሁ።

1. መነሻው «ይችላል» የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንኛውም ሰው ሕጉ ችሎታ የለውም ካላለው በስተቀር ችሎታ እንዳለው ይቆጥረዋል። ዕድሜ ብቻውን ችሎታ አያሳጣም። ማንም አዋቂ ሰው የሕክምና ምርመራን እምቢ የማለት መብትም አለው።

2. ሳይወስኑለት ማገዝ። ይህ የፍርድ ቤትም የማኅተምም ጉዳይ አይደለም። ባንክና ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ፣ ውሉን በቀላል አማርኛ ማስረዳት፣ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ሰው ለመወሰን ድጋፍ ካስፈለገው ድጋፉ ይሰጠው ይላል።

3. ውክልና። ሁለት ዓይነት ነው። ጠቅላላ ውክልና የዕለት ተዕለት የአስተዳደር ሥራን ይሸፍናል፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል የመሳሰሉትን። ቤት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ወይም ፍርድ ቤት ለመከራከር ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሁሉንም ነገር» ብሎ ከመፈረም የተፈቀደውን በዝርዝር መጻፍ፣ ያልተፈቀደውንም «ቤት መሸጥን አይጨምርም» ብሎ በግልጽ ማስፈር ይሻላል። ተወካዩ ለሠራው ሥራ ሒሳብ ማቅረብ አለበት። ወካዩም በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል።

⚠️ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። ማለትም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊቋረጥ ይችላል! ይህ ጉዳይ በሰነዱ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ጠበቃችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞም ውክልና የሚሰጠው ምን እንደሚፈርም የሚያውቅ ሰው ነው። በሽታው ከገፋ በኋላ ውልና ማስረጃ ብትሄዱ ላይሳካላችሁ ይችላል። «ቆይ እንደርስበታለን» አትበሉ።

4. በፍርድ መከልከል። ይህ የመጨረሻው በር ነው። ራሱ ሰውየው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ፍርድ ቤቱ አስፈላጊነቱን ካመነበት ለሰውየው አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾማል። ከዚያ በኋላ ሕጉ ሰውየውን የሚይዘው አካለ መጠን እንዳልደረሰ ልጅ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ቤት ያስተዳደረች እናት በአንድ ውሳኔ እንደ ሕፃን ትሆናለች ማለት ነው። በእርግጥ አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ሰውየው ጨርሶ መረዳት ሲያቅተውና ሌላ ሰው ንብረቱን እየዘረፈው ከሆነ ከለላ ነው። ግድ ከሆነም ይህን አስታውሱ፦ ፍርድ ቤቱ አንዳንድ ነገሮችን ራሱ እንዲያደርግ ሊፈቅድለት ይችላል፣ ምክንያቱ ሲወገድም ክልከላው ይነሳል።

ውጭ አገር ላላችሁ ተከታታዮቻችን

ያላችሁበት አገር ሕግ የተለየ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሰው ችሎታውን ካጣ በኋላም የሚቀጥል ውክልና የተለመደ ነው። የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015፣ እስራኤል ደግሞ በ2016 «በድጋፍ መወሰን» የሚለውን አሠራር በሕጋቸው አካተዋል። በዚህ አሠራር ደጋፊው ያስረዳል፣ ያግዛል፤ ውሳኔው ግን የባለቤቱ ነው። ወላጆቻችሁን ወደ እናንተ ካመጣችሁ ስለዚህ ጠይቁ።

እማማስ ምን ሆኑ?

ልጁን ጠርቼ ሦስታችንም ተቀመጥን። እህቱ በቪዲዮ ገባች። መጀመሪያ ተቆጣች። «ዶክተር፣ አንድ ቀን ቤቱ ቢቃጠልስ?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ለዚህም መልስ ያስፈልግ ነበር። እማማን «እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ጋዙን ውሰዱ፣ ስልኬ ላይ ያለውን ባንክ አጥፉት፣ ኪራዩን ልጄ ይቀበልልኝ። ቤቴን ግን በሕይወቴ አትሽጡብኝ» አሉ።

እንደዚያው ተደረገ። ጋዙ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ። የሞባይል ባንኪንጉ ተዘጋ። ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤት ብቅ እያለች ታያቸዋለች። ጠበቃ ካማከሩ በኋላ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ መብራትና ውኃ ለመክፈል የሚያበቃ፣ ቤት መሸጥን በግልጽ የሚከለክል ውክልና ለልጃቸው ሰጡ። ብጠና ወዴት ልወሰድ፣ ማን ያስታመኝ የሚለውንም አስጽፈው ፈረሙ። በምርመራ የቢ12 እጥረት ተገኝቶባቸው መርፌ ጀምረናል። ትንሽ ለውጥ አለ፤ መርሳቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ምናልባትም እየባሰ ይሄድ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ልጆቹ የእናታቸውን ፍላጎት ከራሷ አንደበት ሰምተውታል፤ መገመት አያስፈልጋቸውም።

አደጋን ሁሉ ማጥፋት አንችልም። ሰው ደኅና እንዲሆን ብለን የገዛ ሕይወቱን ከነጠቅነው ግን ያተረፍነው ምንድን ነው?

ስለዚህ ዛሬ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እናት አባታችሁ ገና ደኅና ሳሉ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተሰበሰበበት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቋቸው፦

✔️ ብትታመሙ የት መኖር ትፈልጋላችሁ?
✔️ በገንዘባችሁ ማንን ታምናላችሁ? እስከ ምን ድረስ?
✔️ ምንም ቢመጣ እንዳይደረግባችሁ የምትፈልጉት ነገር ምንድን ነው?

«ሟርተኛ!» ብለው ሊቆጧችሁ ይችላሉ። ይቆጡ ግድ የለም፤ ቀስ ብላችሁ ሌላ ቀን አንሱት። መልሳቸውን ደግሞ በእነሱው ቃል ጻፉት።

አረጋዊ ወላጅ ላለው ወዳጅ ዘመዳችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!