የቁንጮ ወላጆች

ምንጃር ላይ በአንድ የመስክ ቀን አንዲት እናት ከእጄ የዘገኑትን ቁንጮ ጤፍ መልሰው አፈሰሱልኝ። «ልጄ፣ ቤተ ሙከራ የገባ ዘር ለልጅ ልጆቼ አላበላም» አሉኝ። እኔም ስለ ዘረመል ትምህርት ጀመርኩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወላጆቹን ባሳያቸው ይበቃ ነበር።

ቁንጮ የጤፍ ልጅ ነው። አንደኛው ወላጁ ዱከም ምርታማ ነው፣ ቀለሙ ግን ገበያ አይስብም። ሌላኛው፣ ማኛ፣ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ላይ የተደረገው ሁለቱን ማጋባት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አበባው የሚከፈተው ማለዳ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 እስኪደርሱበት ድረስ በእጅ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ዛሬም ማታ በአጉሊ መነጽር ሥር በወረንጦ ወንዴውን እንነቅላለን፣ ማለዳ የሌላውን ዝርያ ናኒ እናሳርፋለን። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ያቺ አበባ ጠፋች።

«ልውጥ ዘር» የሚባለው ሌላ ነገር ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ገብቶበታል፤ ስለ እሱ መከራከር ይቻላል፣ ይገባልም። በቁንጮ ውስጥ ግን ከጤፍ ሌላ ምንም የለም።

ይበልጥ የሚያደክመኝ የተማረው ሰው ነው። «ታዲያ ዲኤንኤውን ትመረምሩ የለም ወይ?» ይለኛል። እንመረምራለን! ከብዙ ችግኝ መካከል አጭርና ጠንካራ አገዳ የሚያወጣውን፣ የማይጋሸበውን፣ ገና በቅጠሉ ለመለየት እንድንችል ነው። ማንበብ መለወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጤፍ ሙሉ ዘረመል ተነብቦ ይፋ ሲሆን የተነበበው ጸደይ የተባለው ዝርያ ነበር፤ ጸደይም ማሳ ላይ ያው ጸደይ ነው። እንዲያውም ጤፍ ራሱ፣ ከነ40 ክሮሞዞሙ፣ ማንም ሰው ሳይነካቸው የተዳቀሉ የሁለት ሣሮች ውላጅ ነው።

በሬዲዮና በጋዜጣ ስለ ዘር የምትናገሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ «ምርጥ ዘር» እና «ልውጥ ዘር» የሚሉትን ቃላት አታቀላቅሉብን። አርሶ አደሩ የሚሰማው እናንተን ነው።