ከልስኑ በፊት ውሃውን ፈልጉ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ የከረመበትን ይናገራል። ከአሸንዳው ሥር ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎም ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይወጣል። በዓል ደረሰ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብለን ጥቂት ሲሚንቶ በጥብጠን እንለቀልቀዋለን፤ በላዩም ቀለም እንቀባለን። ለጊዜው ያምራል። በሚቀጥለው ክረምት ግን ከበፊቱ ሰፋ ብሎ ይወድቃል።

ውድ አንባቢያን፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል እንዲህ ያለውን ሥራ ያውቀዋል። በምዕራፍ 13፥10-15 ሕዝቡን በሌለ ሰላም የሚያጽናኑትን ነቢያት፣ ያለ ገለባ በቦካ ጭቃ ግድግዳ ከሚለስኑ ሰዎች ጋር ያመሳስላቸዋል። ዝናቡ ሲመጣ ምርጊቱ ይወርዳል፤ መሠረቱም ይገለጣል።

ታዲያ እንዴት እንጠግን?

1. ውሃው የሚገባበትን ፈልጉ። አሸንዳው ተቀዶ ነው? የጣሪያው ጫፍ አጥሮ ነው? ቧንቧው ያንጠባጥባል? ወይስ የአበባው አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሯል? መንስኤውን ሳታስወግዱ ለሳኝ አትጥሩ። አፈሩን አንሱ፤ ለጎርፉም ቦይ ቅደዱለት።

2. የላላውን በሙሉ አራግፉ። በጣታችሁ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከግድግዳው ተላቅቋል። የጭቃ ቤት ከሆነ የበሰበሰውንና ምስጥ የበላውን እንጨት ለውጡ። በዘሌዋውያን 14፥40-42 እንደምናነበው፣ ደዌ የታየበት ቤት እንደገና የሚመረገው የተበላሹት ድንጋዮች ወጥተው አሮጌው ምርጊት ከተፋቀ በኋላ ነው።

3. በደንብ ይድረቅ። ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይና ነፋስ አላቸው፤ አትቸኩሉ።

4. እንደ ግድግዳው ለስኑ። የጭቃ ግድግዳ የሚስማማው የጤፍ ጭድ ገብቶበት ለቀናት የቦካ ጭቃ ነው፤ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል። ሲሚንቶ ግን ከጭቃ ጋር በደንብ አይያያዝም፤ የገባውንም እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ቤቱ የብሎኬት ከሆነ ለአንድ እጅ ሲሚንቶ ሦስት ወይም አራት እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ከመለሰናችሁ በፊት ላዩን ውሃ እርጩት፤ ከተለሰነም በኋላ ለሳምንት ያህል ውሃ አጠጡት።

ወዳጆቼ፣ በትዳራችንስ? ኩርፊያው ውስጥ ውስጡን እየበላን በእንግዳ ፊት ፈገግታ እንቀባ ይሆን? ባልና ሚስት በጸሎት ተቀምጠው፣ “ውሃው የሚገባብን በየት ነው?” ብለው ይጠያየቁ። የተፋቀ ግድግዳ ለጥቂት ሳምንታት አያምርም፤ ጎረቤትም ያየዋል። ይየው! እየዳነ ያለ ግድግዳ ነውና።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።