የደሀ ሠፈር ልጅ በሲኒማ

አንባቢ ሆይ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አምቦን አልፈህ፥ በጠቅላላው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝህ በኋላ ባኮን ታገኛለህ። እኔ የማስተምረው በዚህች የበቆሎ አገር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስም ስጠራ «አቤት» የማይል ልጅ አላጣም። የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ጓደኞቹ «ፊንፊኔ» ይሉኛል። እዚያ ምን እንደሚሠራ አይነግሩኝም፤ እኔ ግን የሊስትሮ ሣጥን ይታየኛል።

ይህ ሐሳብ ስላልለቀቀኝ አንድ ቅዳሜ ማታ ጥቂት ተማሪዎች ቤቴ ጠርቼ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ፊልም በኮምፒውተሬ አሳየኋቸው። ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «ነፋስን እየተጋፉ መሮጥ» እንደ ማለት ነው። አዘጋጁ ያን ፊሊፕ ቫይል የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፥ ዋና ተዋንያኑ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አገራችንም ለኦስካር ውድድር ልካው ነበር። ታሪኩ የሁለት ባላገር ልጆች ነው። አብዲ ሯጭ፥ ሰሎሞን ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን ይመኛሉ። ተለያይተው ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሲገናኙ፥ ሰሎሞን በደሳሳ ቤቶች መካከል ከወሮበሎች ጋር ኑሮውን ሲገፋ እናየዋለን።

ተማሪዎቼ አብዲ በሮጠ ቁጥር አጨበጨቡ። አያስደንቅም፤ ከአበበ ቢቂላ ወዲህ የደሀ ልጅ ሮጦ ከድህነት ሲያመልጥ ማየት ለምደናል። አንዲት ልጅ ብቻ ዝም ብላ ቆይታ፥ «መምህር፥ መሮጥም የማይችል፥ ካሜራም የሌለውስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጥያቄዋን ይዤ ወደ ብራዚል ዞርሁ፤ በፖርቱጋል ቋንቋ የሚሠራው የዚያ አገር ሲኒማ በደሀ ሠፈር ልጆች ታሪክ የታወቀ ነውና። በሪዮ ዴ ዣኔሮ ኮረብታዎች ላይ የተደራረቡትን የደሀ ሠፈሮች ሕዝቡ «ፋቬላ» ይላቸዋል። በ2002 የወጣው «የእግዚአብሔር ከተማ» ዓለምን የዞረ ፊልም ነው። መነሻ የሆነውን መጽሐፍ የጻፈው ፓውሎ ሊንስ በዚሁ ስም በሚጠራው ሠፈር ያደገ ሰው ነው፤ ከተዋንያኑም ብዙዎቹ ከፋቬላ የተመለመሉ ወጣቶች ናቸው። ግን እዚያም የሚያመልጠው ልጅ ካሜራ የያዘው ነው። ደግሞም ጥይቱ ስለበዛብኝ ለተማሪዎቼ አላሳየሁም።

እኔ የምወደው በዚያው ዓመት ተጀምሮ እስከ 2005 የዘለቀውን «የሰዎች ከተማ» የተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው። አሴሮላና ላራንዢኛ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች በፋቬላ ያድጋሉ። ተዋንያኑ ራሳቸው ልጆች ስለ ነበሩ፥ ተመልካች እያየ ቁመታቸው ረዘመ፥ ድምፃቸውም ጎረነነ። በመጀመሪያው ክፍል አስተማሪያቸው ስለ ናፖሌዎን ጦርነትና የፖርቱጋል ንጉሣዊ ቤተ ሰብ ወደ ብራዚል ስለ መሸሹ ታስተምራለች። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ትምህርቱ ወደ ጆሮ አይገባም። (ይህን ሁኔታ እኔ በሚገባ ዐውቀዋለሁ!) በኋላ አሴሮላ ነገሩን በራሱ ሠፈር አስመስሎ ያስረዳል። የአንዱ ኮረብታ ወሮበላ የሌላውን ኮረብታ ሊይዝ እንደሚዘምት፥ ናፖሌዎንም እንዲሁ አደረገ ይላል። ልጁ አልሮጠም፥ ካሜራም አልያዘም፤ የነበረው የሠፈሩ ዕውቀት ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፥ ፊልም ልጅን አያድንም። በ«ፒሾቴ» ላይ የጎዳና ልጅ ሆኖ የሠራው ፈርናንዶ ራሞስ ዳ ሲልቫ በ1987 ገና በ19 ዓመቱ ፖሊስ ገደለው። ቪኒሲዩስ ዴ ኦሊቬራን ግን በሪዮ አውሮፕላን ማረፊያ ጫማ ሲጠርግ ዋልተር ሳሌስ የተባለው አዘጋጅ አገኘውና በ1998 በወጣው «ማዕከላዊ ጣቢያ» ላይ ዋናው ልጅ ሆነ። ሊስትሮ ነበር ማለት ነው።

ባለፈው መስቀል ከጠፉት ተማሪዎቼ አንዱ ለበዓል መጥቶ ትምህርት ቤት ጎራ አለ። መርካቶ ጫማ ይጠርጋል። ስለ ሥራው ጠየቅሁት። አንድ ማዕዘን ላይ ለመቀመጥ ለማን ስንት እንደሚከፈል፥ ዝናብ ሲመጣ ወደ የትኛው በረንዳ እንደሚሸሽ፥ ማን ከማን ተጣልቶ የማን ቦታ ለማን እንደተላለፈ፥ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየሳለ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ያቺ ጠያቂዋ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትገለብጥ ነበር።