ኢጓና እጃችንን ለምን ይነክሳል?

ጓደኞቼ፣ ይህን ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም! አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ቤቱ የሚያሳድገውን ትልቅ አረንጓዴ እንሽላሊት፣ ኢጓናን፣ አይታችሁታል አይደል? የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ሲያድግ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ምግቡ ቅጠል፣ አበባና ፍራፍሬ ነው። ታዲያ ቅጠል በል እንስሳ ሰው የሚነክሰው ምን ፈልጎ ነው? መልሱን ያገኘሁት እንስሳው አናት ላይ ነው።

አዎ፣ አናቱ ላይ! ከላይ የተነሳ ፎቶግራፉን ስታዩ፣ ከሁለቱ ዓይኖቹ ትንሽ ወደ ኋላ፣ መሐል ላይ፣ ከሌሎቹ ቅርፊቶች ፈዘዝ ያለች አንዲት ክብ ቅርፊት አለች። ከሥሯ ያለው ዓይን ነው። ሦስተኛ ዓይን! ሌንስ አለው፣ ብርሃን የሚቀበል ሽፋን አለው፣ ወደ አንጎል የሚሄድ ነርቭም አለው። መልክ ግን አይለይም፤ የሚያውቀው ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ለኢጓና ይኸው ይበቃዋል። ዛፍ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሊበላው የሚመጣው አሞራ የሚወርደው ከላይ ነዋ! ጫጩት የያዘች ዶሮ የጭልፊት ጥላ ግቢው ላይ ሲያልፍ እንዴት እንደምትደነግጥ አስታውሱ። እሱም እንደዚያው ነው፤ ጥላው የማን እንደሆነ አያጣራም።

እስቲ አሁን የእኛን እጅ አስቡት። ብዙ ጊዜ ኢጓና የሚቀመጠው ከላይ በሚከፈት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ክዳኑን እናነሳለን፣ በፍቅር እጃችንን ወደ ታች እንሰዳለን... ጥላ! ሁሉ ነገር ግጥም ያለልኝ እዚህ ጋ ስደርስ ነው። ኢጓና በተፈጥሮው የሚቀናው መሸሽ እንጂ መጣላት አይደለም። ዱር ቢሆን ከወንዝ ዳር ዛፍ ራሱን ወርውሮ ውሃ ውስጥ ይሰወር ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ወንዝ የለም፤ አራቱም ጎን መስታወት ነው፣ ብቸኛው መውጫ ላይ ደግሞ ያስፈራው ነገር ራሱ ቆሟል። መሸሻ ካጣ ምን ይቀረዋል? አፉ!

ስለዚህ እጅ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ ኢጓናው እያየው ይምጣ። ለአንድ ኢጓና ሳጥን የምትገዙ ከሆነም በሩ በጎን የሚከፈተውን ምረጡ።

ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። የኢጓና ሰውነት ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ፣ ሲቀዘቅዝ እግሩ አይታዘዝለትም። ፍሎሪዳ ውስጥ ብርዱ ሲጠና ደንዝዘው ከዛፍ ይወድቃሉ፤ በፈረንጆቹ 2020 ጥር ወር የማያሚ የአየር ትንበያ ቢሮ የሚወድቁ ኢጓናዎች ሊያጋጥሙ እንደሚችሉ ሕዝቡን እስከ ማስጠንቀቅ ደርሷል! አጋማ በሚባሉ ሌሎች እንሽላሊቶች ላይ የተደረገ ጥናትም ሞቅ ያላቸው እንደሚሮጡ፣ የቀዘቀዛቸው ግን ባሉበት ቆመው ለመናከስ እንደሚነሱ አሳይቷል። መሮጥ ያልቻለ፣ ይናከሳል።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይነክስም! አገጩ ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ ይዘረጋል፤ ጎኑን አጥብቦ ቁመቱን ከፍ በማድረግ ትልቅ ይመስላል፤ ራሱን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይነቀንቃል፤ አፉን ይከፍታል፤ በጭራው ይገርፋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ዓይኑ ነው። ስትደባብሱት ዓይኑን ጨፈን ካደረገ ደስ ብሎት ይመስላችኋል፤ አሳዳጊዎቹ እንደሚሉት ግን ብዙ ጊዜ «በቃኝ፣ ተዉኝ» ማለቱ ነው።

ጥርሱንም ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከመንጋጋው ውስጠኛ ጎን ተጣብቀው የተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ጥርስ ጠርዝ ራሱ ደግሞ ጥርስ አለው! ቅጠል የሚቆርጠው በዚያ ነው። ጣታችሁን ከያዘ ታዲያ አትመንጭቁ፤ ቁስሉን የሚያሰፋው መመንጨቁ ነው። ሲለቃችሁ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፤ እንዲህ ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛሉ፣ ቁስሉ ጠለቅ ካለም ሐኪም ይየው።

አንድ ለየት ያለ ጊዜ አለ። ወንዱ ኢጓና በዓመት አንዴ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ መልኩ ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል፤ ያኔ የሚነክሰው ፈርቶ አይደለም፣ ግዛቱን ሊያስከብር ነው። እቅፍ ውስጥ ሲተኛ የከረመው እንኳ አሳዳጊውን ሊያሳድድ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ መልክ ማያ መስታወት ካለ ይሸፈን፤ የገዛ መልኩን ተቀናቃኝ መጣ ብሎ ይፋለመዋል። ይህን ጠባይ በቁጣ መመለስ ምንም አይጠቅምም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይበርዳል።