የእንጦጦ ደን፦ ከሩቅ ሲታይና ከሥሩ ሲቆጠር



ከየካ በኩል ቀና ብሎ እንጦጦን ለሚመለከት ሰው ተራራው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴነቱ ግን ስለ ደኑ የሚነግረን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ ዛሬ የቆሙት ዛፎች ሲያረጁ በቦታቸው የሚተካው ማን ነው?

የእንጦጦ ከፍታ ቀድሞ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ፣ ወደ ጫፉም የአስታና የአምጃ አገር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ከተሙ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ ለቤት ሥራና ለማገዶ የተፈለገው እንጨት ተራራውን አራቆተው። የእንጨት ዕጦቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሳሰብ ደርሶ ነበር። ከተማይቱን ከዚህ ችግር ያወጣት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታው የሚካድ አይደለም፤ ሆኖም የማገዶ ተክልና ደን ለየቅል ናቸው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ሁለት ቦታዎች እያንዳንዳቸው 100 ዛፍና 4 ዓይነት ዝርያ አላቸው እንበል። በአንደኛው እያንዳንዱ ዝርያ 25 ዛፍ አለው፤ በሌላው 97ቱ ባሕር ዛፍ ሆነው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ አንዳንድ ብቻ ናቸው። የዝርያው ብዛት እኩል ነው። የዝርያዎችን ስብጥር ጭምር በሚመዝነው የሻነን መለኪያ ግን የመጀመሪያው 1.39፣ ሁለተኛው 0.17 ገደማ ያገኛል። እንግዲህ «4 ዝርያ አለ» የሚል ዘገባ ብቻውን ሊያሳስተን ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ የደኑ መዋቅር ነው። የዛፎችን ግንድ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ እንለካና በውፍረት እንመድባቸዋለን። ራሱን በሚተካ ደን ውስጥ ቀጫጭኖቹ እጅግ ይበዛሉ፤ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር ቁጥራቸው ይቀንሳል። አሮጌ ጽዶች ብቻ ቆመው ከሥራቸው ችግኝ ከታጣ ግን፣ ቦታው ምንም ያህል ግርማ ቢኖረው፣ ወራሽ እንደሌለው ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ሁሉንም ግንድ በአንድነት ብንቆጥር ቀጫጭኖቹ በዝተው ደኑ የሚታደስ ይመስለናል፤ የበዙት ግን የአሮጌ ጉቶ ቀንበጦች ናቸው። ቆጠራው በየዝርያው መለየት አለበት።

ታዲያ በባሕር ዛፍ ሥር አገር በቀል ዛፍ ሊበቅል ይችላልን? ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የመናገሻ ደን ፈየራ ሰንበታና ደመል ተከታይ አጥንተው በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ተስፋ ይሰጣል፤ በተተከሉ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ዝርያዎች በተፈጥሮ ሲበቅሉ ታይተዋል። ለዚህ ግን ዘር የሚሰጡ እናት ዛፎች በአቅራቢያ መኖር፣ የጽድና የወይራን ፍሬ በልተው ዘሩን የሚያደርሱ ወፎች፣ በቂ ብርሃን፣ ከግጦሽና ከጠረጋ የተጠበቀ አፈር ያስፈልጋሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆሙ አገር በቀል ዛፎች የዘር ምንጭ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ኮሶም ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ፣ ብቻውን የቆመ ኮሶ ተተኪ አያፈራም።

የአፈሩ ጉዳይ የሰው ጉዳይም ነው። የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ይራቆታል፣ ጎርፍም ይበረታል። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ግን ይህን የሚያደርጉት ለዕለት ጉርስ ነው። ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኙ በአጥር መከልከል ደኑንም እነርሱንም አያድንም። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መመንጠርም ተዳፋቱን ለጎርፍ ያጋልጣል፤ የሚሻለው ችግኝ በታየበት ስፍራ ደረጃ በደረጃ ማሳሳት ነው።

ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። እንጦጦ የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያያ ስለሆነ፣ በጫፉ ላይ የምናደርገው ነገር ወደ ሁለቱም ይወርዳል። ስንት ችግኝ ተተከለ ብለን እንጠይቃለን፤ መልካም ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ስንቱ ጽድ፣ ስንቱ ወይራ፣ ስንቱ ኮሶ ከጉልበት በላይ አደገ የሚለውን ጥያቄ ግን በቋሚ የናሙና ቦታዎች፣ በየዝርያው እየለካን መመለስ ይገባናል። የእንጦጦ ደን ዕጣ ያለው በዚያ ቆጠራ ውስጥ ነው።